መንገዳችን በአዘቦት ቀን

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እንደምን ሰነበትሽ» ይባላል። ጻፍኩትና ሰረዝኩት። ቀጥዬ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ሞከርኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት። ውሸት ሆኖ ሳይሆን ግማሹ ብቻ እውነት ስለሆነ ነው። ደህና የምንሆንባቸው ሰዓቶች አሉ። እማዬ ስፌት ማሽኗ ላይ ስትቀመጥ ደህና ናት። እኔ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ደህና ነኝ፤ አስተማሪው ሰው ሌላ ነገር እንዲያስብ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ሰላምታውን ልዝለለውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። አንቺም ብትሆኚ ዙሪያ ጥምጥም አትወጂም ነበር።

ዓርብ ዕለት ያንቺ መሥሪያ ቤት ሄጄ ስለ መንገዳችን ቅጽ ሞላሁ። የጻፍኩት ምን እንደሆነ ብታይ ትስቂብኛለሽ። አንቺ ስላልሽው ዘጠኝ ቀን ያኮረፍኩሽን ነገር፣ ራሴ በገዛ እጄ፣ በሚነበብ ጽሕፈት ጻፍኩት። ግን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ አብዛኛው የሆነው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው።

ሥራሽን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ እንደከበደኝ ነው። ክፍል ውስጥ «እህትህ ምን ነበረች የምትሠራው?» ሲሉኝ «መንገድ ፎቶ ታነሳ ነበር» እላለሁ።

«መንገድ ላይ ሰው ነው?»

«አይ፣ መንገዱን ራሱን።»

«መንገዱ ከፍሏት ነው?»

ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ አንቺ እራት ላይ ያስረዳሽንን መልሼ አስረዳቸዋለሁ። ከተማው ሰፊ ነው፤ ሹሞቹ ሁሉንም መንገድ በእግራቸው አያዩትም። ስለዚህ እናንተ ሄልሜት ላይ የተተከለ ካሜራ አጥልቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ በየአሥር እርምጃው ቆም፣ በአራቱም አቅጣጫ አንሳ፣ ቀጥል። ፎቶዎቹ ቢሮ ሲገቡ ማሽኑ የሰው ፊትና የመኪና ታርጋ እየፈለገ ያደበዝዛል። ከዚያ ብዙ ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ፎቶዎቹን ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን ያያሉ። «ከሁለቱ የትኛው ደህና ይመስላል? የትኛው ደማቅ ይመስላል?» ተብለው አንዱን ይነካሉ። ማሽኑ ከሺህ ዓይን ተምሮ ለእያንዳንዱ መንገድ ከመቶ ይሰጠዋል።

አንቺ ቤት ውስጥም ከመቶ መስጠት ለመደብሽ። ፀጉሬን ሠላሳ ሰጠሽው። እማዬ አዲስ የሰፋችውን መጋረጃ ዘጠና። አክስታችንን ሊያገባ የመጣውን ሰውዬ ገና ከበሩ ሳይርቅ «አርባ አምስት፤ እሱም ለጫማው» ብለሽ እማዬ አፍሽን በእጇ ያዘችው።

ሕጎችሽንም በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አንደኛ፣ መንገድ የሚነሳው በአዘቦት ቀን ነው። በዓል ቀን አይነሳም፣ ገበያ የቆመ ቀን አይነሳም። «መንገድ እንደ ሰው ነው፤ ለድግስ ለብሶ ሲወጣ ሳይሆን ቤቱ ሲውል ነው የሚታየው» ትይ ነበር። ሁለተኛ፣ የአንሺው ጥላ ፎቶው ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ወጥተሽ ላብ በላብ ሆነሽ ትመለሽ ነበር።

አሁን ወደ ጠባችን። ላፕቶፕሽን ይዘሽ መጥተሽ፣ በድሮ ፎቶዎች የተዘጋጀ የሙከራ ጥያቄ ስትመልሺ እኔ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ሁለት ፎቶ መጣ። አንዱን የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ ብዬ ሳስብ የጎሚስታው ጎማዎች ተቆልለው አየሁና የኛ መንገድ መሆኑን አወቅኩ። ከላይ «የትኛው ደህና ይመስላል?» ይላል። ሌላውን ነካሽ። ጣትሽ ለአፍታ እንኳ አልዘገየም።

«ምን አደረግሽ?» አልኩሽ።

«ሥራዬን።»

«እሱ እኮ የኛ መንገድ ነው።»

«አየሁት እኮ። ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ሰፈራችን አስፈሪ ነው እያልሽ ነው?»

«ነው አላልኩም። ይመስላል ነው ያልኩት። ‘ነው’ የሚባለውን እናንተ ኖራችሁ እወቁት፤ የኔ ሥራ ‘ይመስላል’ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱማ፣ ጌታው፣ አንድ ቀን በካሜራ ስታየው ይገባሃል።»

እኔ ግን ሊገባኝ አልፈለግኩም። እዚያ መንገድ ላይ ነው ሳይክል ያስተማርሽኝ። ጎሚስታው ነው የመጀመሪያ ኳሴን ያጣበቀልኝ። «ሄልሜት ስታደርጊ የማን ልጅ እንደሆንሽ ይጠፋሻል» አልኩሽ።  ላፕቶፑን ዘግተሽ ወጣሽ፤ እኔም ኩርፊያዬን ጀመርኩ።

ኩርፊያዬ እንዴት እንደነበር ታውቂዋለሽ፤ ለእማዬ ሥራ ያበዛ ኩርፊያ። «እማዬ፣ ልጅሽን ቻርጀሬን እንድትመልስ ንገሪያት።» «እማዬ፣ ልጅሽ የኔም ቻርጀር ተበላሽቷል ትላለች በዪው።» ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። እማዬ መርፌ በጥርሷ ይዛ «እኔ ፖስታ ቤት ነኝ?» አለች። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ስቄ እንዳልሸነፍ ግድግዳ ግድግዳ አየሁ።

በዘጠነኛው ቀን ምሽት ትኩሳት ይዞሽ ተኛሽ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ አለፍሽ። ሐኪሙ ሳንባሽ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ታሞ እንደነበር፣ ቆመሽ ስትሄጂ ስለዋልሽ እንዳልታወቀሽ ነገረን። በዚያ በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ቦታው ሲደርስ እነግርሻለሁ። እዚህ ላይ ከጻፍኩት ደብዳቤውን አልጨርሰውም።

አክስቴ ፊትሽን አይታ «የተኛች ትመስላለች» አለች። ሌሎቹም ተቀባበሉት። «እውነትም የተኛች ትመስላለች።» ያኔ ነው በ‘ይመስላል’ና በ‘ነው’ መካከል ያለው ልዩነት የገባኝ። በካሜራ አይቼው አልነበረም።

በማግስቱ መንገዱ ሞላ። ጎሚስታው ጎማዎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ከጫፍ ጫፍ ጠረገ። ትልልቅ ሰዎች ሲመጡ ቦዩ ውስጥ እንዳይገቡ ከአናጢው ጣውላ ለምኖ ከዳር እስከ ዳር ከደነው። ከሱቁ ሽቦ ስቦ አምፖል በአምፖል አደረገው። ወንበር ከየቤቱ ወጣ። ሸራ ተወጠረ። ያን ያህል ሰው የኛን መንገድ ሲያጣብበው አይቼ አላውቅም።

የሥራ ባልደረቦችሽም መጡ። ያ ረጅሙ፣ አንቺ «ምሰሶው» የምትይው፣ ከሥራ ቀጥታ ስለመጣ ካሜራው ትከሻው ላይ ነበር። ጎሚስታው አየው።

«ይሄ የሷ ዕቃ ነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ ነው ጋሼ። አብረን ነበር የምንሠራው።» ከዚያ ምን እንደሚል የጨነቀው ሰው የሚናገረውን ተናገረ። «የናንተን መንገድ እሷ አንስታው ነበር። ጥላዋ ስለገባበት ይደገማል ተብሎ ቁጭ ብሏል። እኔ ሌላ ቀን መጥቼ እጨርሰዋለሁ።»

«ሌላ ቀን ለምን?»

«ዛሬማ…»

«የጀመረችው ሥራ እንዴት ጎድሎ ይቀራል? ተነስ፣ አንሳ። እኛም እዚሁ ነን።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ አዘቦት አይደለም።»

«ለኛ ከዛሬ ወዲያ ሁሉም ቀን አንድ ነው» አለው ጎሚስታው። ምሰሶው እማዬን አያት። እማዬ አንገቷን ነቀነቀች። ሄልሜቱን አጠለቀና በተቀመጠው ሰው መካከል በየአሥር እርምጃው እየቆመ ሄደ። ሲቆም ሲቆም ዓይኑን በእጅጌው ይጠርግ ነበር። ሰዉ ሁሉ እግሩን እየሰበሰበ አሳለፈው። ሥራሽን እያዩ ያሉ ያህል ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም እትዬ፤ ነገሩ የተበላሸው ከፍቅር ብዛት ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩ በአካባቢያችን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የኛ መንገድ ሰባ ስምንት። ጎሚስታው ስልኩ ላይ አንስቶት መጥቶ ላገኘው ሁሉ አሳየ። «ሰባ ስምንት! ያ ሐኪሞቹ የሚኖሩበት መንገድ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? ሰባ አንድ።» ሁለት ቀን ሙሉ ማንም ጎማ ያስጠግን አያስጠግን ሰባ ስምንትን ሳይሰማ አልሄደም።

ከዝርዝሩ ሥር ያለውን ገጽ መጀመሪያ ያነበበችው ልጁ ናት፤ ያቺ ባለፈው ክረምት ቦዩ ውስጥ ገብታ እግሯን የሰበረችው። ከአርባ በታች ያገኙ መንገዶች በዚህ ዓመት የመንገድ መብራትና የቦይ ክዳን ይሠራላቸዋል ይላል። ሌሎቹ ወደ ፊት ይታያሉ።

ጎሚስታው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጣውላዎቹን አናጢው ከወሰዳቸው ቆይቷል። አምፖሎቹም ወርደዋል። ቦዩ እንደ ዱሮው አፉን ከፍቶ ቁጭ ብሏል።

«አቤቱታ ይጻፋ» አለ አንዱ።

«ማን ነው የሚጽፈው? ምን ብሎ? የዚያችን ልጅ ለቅሶ ሰርዙልን ብሎ?» አለ ጎሚስታው። 

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። ምሰሶው ያመጣላትን የለቅሶውን ቀን ፎቶ ከስፌት ማሽኑ በላይ ሰቅላዋለች። የቢሮው ማሽን ሁሉንም ፊት አደብዝዞታል፤ እማዬ ግን አንድም ሰው አይጠፋትም። «ይሄን ኮት እኔ ነኝ የሰፋሁት። ይቺ ትከሻዋ ዘንበል ይላል፣ ሁልጊዜ ግራውን ከፍ አድርጌ ነው የምቆርጥላት።» እንዲህ እያለች ሰባ ምናምን ሰው ቆጥራለች። ለልጇ የመጣ ሰው ነው።

«መብራት ባይኖር ለምዶብናል» አለችኝ። «እሱን ፎቶ ሐሰት ነው ብዬ አልፈርምም።»

«ሐሰት ነው አላልኩም እማዬ።»

«ታዲያ ምን ልትል ነው?»

 በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ቢሮሽ ሄድኩ።

አለቃሽን ታውቂያታለሽ፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው። «ና ግባ የኔ ልጅ» ብላ ያንቺ ወንበር ላይ ልታስቀምጠኝ ስትል ትዝ አላትና ሌላ ወንበር ሳበችልኝ።

«የኛ መንገድ ፎቶ የለቅሶ ቀን ነው የተነሳው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ያነሳው ልጅ ራሱ መጥቶ ነገረኝ፤ ሲነግረኝ እያለቀሰ ስለነበር ልቆጣውም አልቻልኩም። ግን ካሜራዎቹ ወደ ሌላ ከተማ ሄደዋል። ዝርዝሩ ዓርብ ይዘጋል። እንደገና ማንሳት አይቻልም።»

«ታዲያ ምንም አይደረግም?»

«የሷ ፎቶዎች አሉ። ጥላ ቢኖርባቸውም፣ የመንገዱ ነዋሪ ‘አዘቦት ቀን የተነሱት እነዚህ ናቸው’ ብሎ ቅጽ ከሞላ በነሱ መተካት ይቻላል። አንተ ዕድሜህ ስላልደረሰ እናትህም ትፈርማለች።»

ከዚያ ስለ መብራቱ ጠየቅኳት፤ ዝቅ ያለ ነጥብ ላገኘ መንገድ እንደሚሠራለት አንቺ ታውቂ እንደነበር።

«ሁላችንም እናውቃለን። ለማንም ላንናገር ፈርመናል። ሰው ካወቀ ፎቶ ሲነሳ መንገዱን አቆሽሾ ይጠብቀናላ።»

እኔ አፌን ስከፍትብሽ አንድ ቃል ብትናገሪ ኖሮ ዝም ታሰኚኝ ነበር። ላለመናገር ፈርመሽ ስለነበር አልተናገርሽም። ደግሞ ለመብራቱ ብለሽም አልነበረም የነካሽው። ያየሽውን ነው የነካሽው።

አለቃሽ ያንቺን ፎቶዎች ከፈተችልኝ። ከቦታ ቦታ ስትሄጂ አሥራ አንድ ጊዜ ቆመሻል። በሁሉም ውስጥ ጥላሽ አለ፤ ረጅም፣ አናቱ ላይ ሄልሜት የተቀመጠበት።

«አምስት ዓመት ስትሠራ ጥላ አስገብታ አታውቅም» አለችኝ። «ያን ቀን ግን ያነሳችው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሲደክማት ቆይታ ነው እንዳልል ጠዋት እዚህ ነበረች። ለምን አሥር ሰዓት ድረስ እንደጠበቀች አላውቅም።»

እኔ ግን አወቅኩ። አሥር ሰዓት እኛ ከትምህርት ቤት ተለቀን በዚያ የምናልፍበት ሰዓት ነው።

ሰባተኛው ላይ አለሁ። ቦርሳዬ በአንድ ትከሻዬ፣ ማዳመጫዬ ጆሮዬ ላይ፣ ወደ ጎሚስታው ሱቅ ዞሬ። አለቃሽ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

«እዚህ ጋ ማሽኑ አንድ ሰው ሳያደበዝዝ አልፏል» ብላ አጎላችው። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች። «አይ፣ አልተሳሳተም። የሚያደበዝዘው ፊት አላገኘም። ልጁ ዞሯል።»

ሰው ሰውን ፊት ነሳው ይባላል። እኔ ይህን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ሰው ምን ያህል በትክክል እንደተናገረው አስቤ አላውቅም ነበር። ማሽኑ የሁሉንም ሰው ፊት አግኝቷል፤ የጎሚስታውን፣ የሴት ልጁን፣ በመስኮት የምታየዋን ሴትዮ ሳይቀር። የኔን ብቻ አጣው። ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው፣ አሥረኛው ላይ በኋላ በኩል እያነስኩ እሄዳለሁ። አሥራ አንደኛው ላይ የቤታችን በር ጋ ጥቁር ነጥብ አክላለሁ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ቶሎ አልገባትም። ሲገባት ውኃ ቀድታ ሰጠችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስድስቱ ብቻ ይበቃሉ» አለች። «ከስድስት ካላነሰ ማሽኑ ይቀበላል። ከሰባተኛው ጀምሮ ያሉትን ላወጣቸው እችላለሁ። ካርታውን ማንም ሰው ከፍቶ ያየዋል፤ ብታስብበት።»

አሰብኩበት። እውነቱን ልንገርሽ፣ መንገድ ሙሉ አሰብኩበት። አምስቱ ከወጡ መብራቱ ይመጣል፣ ቦዩ ይከደናል፣ እማዬም ምንም አታውቅም። ማንም አይጎዳም። ግን እነዚያ አሥራ አንዱ ያንቺ የመጨረሻ ሥራ ናቸው፤ እኔ እንዳላፍር ብዬ ከላዩ አምስት ልቀንስበት ነው። ዘጠኝ ቀን ወስጄብሻለሁ እኮ።

ሰባተኛውን አትማ ሰጥታኝ ነበር። ቤት ስገባ እማዬ የሰው ቀሚስ እየዘመዘመች ነው። ቅጹንና ፎቶውን ስፌት ማሽኗ ላይ አስቀመጥኳቸው። ፎቶውን አንስታ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«ይሄ አንተ ነህ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሱሪውን ማን ሰፋውና። አጥሮሃል ደግሞ፤ ነገ አውልቀህ ስጠኝ፣ እጥፉን እለቅልሃለሁ።» ከዚያ ጣቷ ወደ ታች ወርዶ ጥላው ላይ ቆመ። የሄልሜቱን ቅርጽ ዞረችው። 

«አላየሃትም?»

«አይቻታለሁ።»

«አልጠራችህም?»

«ጠርታኛለች። ሁለት ጊዜ።»

«ይሄ ነገር ጆሮህ ላይ ነበር። አልሰማሃት ይሆናል።»

መውጫ በር ነበር የከፈተችልኝ እትዬ። እናት አይደለችም? ልወጣበትም እችል ነበር።

«ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ዘግቶ ነበር እማዬ። ምንም አልሰማበትም ነበር። የሰማሁት እሷን ብቻ ነው።»

እማዬ ፎቶውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ቁጣ ጠበቅኩ፤ ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ክሩን በጥርሷ በጥሳ እንዲህ አለችኝ።

«ያን ማታ ትኩሳቱ ሳይጠናባት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ‘እማዬ፣ ልጅሽ ነገ ይታረቀኛል’ አለችኝ። በምን አወቅሽ ስላት፣ ‘ዛሬ መንገድ ላይ ስጠራው እርምጃው ተሳሳተበት’ አለች። ስትቃዥ ነው ብዬ ነበር።»

ፎቶውን አነሳሁት። ሰባተኛው ላይ እግሬ አየር ላይ ነው፤ ወዴት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አንቺ ግን አውቀሽ ነበር።

እማዬ እጇን በጨርቅ ጠረገችና እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። «ግድግዳው ላይ ያለው የኔ ነው፤ ማንም አያወርደውም» አለች። «ካርታው ላይ ያለው ግን የመንገዱ ነው። የት ነው የምፈርመው?»

ለጎሚስታውም ሄጄ ነገርኩት፤ ከሰው ሰምቶ ምቀኛ ፍለጋ እንዳይወጣ። ጎማ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ እየፈለገ ነበር። ጨርሼ እስክናገር ሰማኝ።

«ስንት እንሆናለን?»

«አለቃዋ ሠላሳ አራት ገደማ ትላለች።»

«ሠላሳ አራት» አለ። «እንደ ሰባ ስምንት አፍ አይሞላም።» ጎማውን ገለበጠው። «ይሁን። ልጄ ሁለተኛ እግሯን ከምትሰብርብኝ እኔ ሠላሳ አራት ብባል ይሻላል።»

ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ «መንገዱ በአዘቦት ቀን ምን ይመስላል? በራስዎ ቃል ይግለጹ» ይላል። ዓርብ ያንቺ ቢሮ ተቀምጬ ሞላሁት።  እንዲህ ጻፍኩ፤ መንገዱ በአዘቦት ቀን ጠባብ ይመስላል። በግራ በኩል ክዳን የሌለው ቦይ አለ፣ ሲዘንብ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሚሆን አይለይም። የተቆለሉ ጎማዎች ግማሹን መንገድ ይይዛሉ። አንድም የመብራት ምሰሶ የለም። የማያውቀው ሰው ቢያየው የሚያስፈራ ይመስለዋል፤ የማያውቀው ሰው አይፈረድበትም። ብዙ ሰውና አምፖል ያለበት ፎቶም እውነት ነው፤ ግን የተነሳው የአንድ ሰው ለቅሶ ቀን ነው፣ ያን ቀን ሁላችንም የመጣነው ለሷ ነው።

ከሥር «ስለ ፎቶዎቹ የሚጨምሩት ካለ» የሚል መስመር ነበር። አለቃሽ ባዶውን መተው እንደምችል ነገረችኝ። እኔ ግን ሞላሁት፤ «ያነሳችው እህቴ ናት። ከሰባተኛው ጀምሮ የሚታየው ልጅ እኔ ነኝ። አይቻት ፊቴን አዙሬ አለፍኩ። አንዱም ፎቶ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ።» አለቃሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ማህተሙን መታችበትና በሁለት እጇ ተቀበለችኝ።

መብራቱ መቼ እንደሚመጣ አልነገሩንም። «በዚህ ዓመት» ነው ያሉት፤ ሹሞች ዓመታቸው ስንት ወር እንደሆነ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ሱሪዬን እማዬ አስረዝማልኛለች። ቻርጀሬን ከቦርሳሽ ኪስ አገኘሁት፤ ውስጡ የተበጠሰውን ሽቦ በፕላስተር ጠቅልለሽዋል፣ ይሠራል። እስከ ዛሬ አልተጠቀምኩበትም። ከነገ ጀምሮ ግን እጠቀምበታለሁ፤ የጠገንሽው ለዚያ አይደል?

ካርታው ትናንት ታደሰ። ስልኬ ላይ ከፍቼ በመንገዳችን ላይ በጣቴ ሄድኩ። ሰባተኛው ጋ ስደርስ ቆምኩ። አሁን ማንም ሊያየው ይችላል፤ ልጁ ለምን እንደዞረ ግን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። አንቺ መጀመሪያ ለስላሳ አድርገሽ ነው የጠራሽኝ፤ «ጌታው»። ከዚያ ትንሽ ጮክ ብለሽ፣ ልትስቂ እንዳልሽ በሚያስታውቅ ድምፅ፤ «አንተ ጌታው!»

እትዬ፣ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። መልሴ ዘግይቷል፤ ዕድሜ ልኬንም ዘግይቶ ይኖራል። ቢሆንም ሳይመለስ አይቅር።

አቤት።

ታናሽ ወንድምሽ